ክረምቱ ገባ፣ ልጆቹ ቤት ናቸው፣ እኔ ሥራ ላይ ነኝ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የሦስት ልጆች እናት ነኝ፣ ጀሞ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነው የምንኖረው። ባንክ ነው የምሠራው፣ ቅዳሜም ግማሽ ቀን እገባለሁ። ባለቤቴ ሥራው ሀዋሳ ነው፣ በሁለት ሳምንት አንዴ ነው የሚመጣው። ትልቋ 13 ዓመቷ ነው፣ ወንዱ 9፣ ትንሿ ደግሞ 4። ትምህርት እያለ በሰርቪስ ይሄዳሉ በሰርቪስ ይመለሳሉ፣ ሠራተኛዋ ትቀበላቸዋለች፣ እንደምንም ይሄድ ነበር። ሰኔ መጨረሻ ላይ አገር ቤት ደርሼ ልምጣ ብላ ሄዳ በዛው ቀረች፣ ስልኳም አይሠራም። አሁን ትልቋ ናት የምትይዛቸው። ማታ ስገባ ወንዱ ከጠዋት ጀምሮ ስልክ ላይ ነው፣ ትንሿ ምሳ አልበላችም፣ ትልቋ አኩርፋ አልጋዋ ላይ ናት። ባለፈው ሐሙስ ከመሥሪያ ቤት ደውዬ እህትሽ በላች ወይ ስላት «እማዬ እኔ እኮ እናቷ አይደለሁም» ብላ ዘጋችብኝ፣ መጸዳጃ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ባለቤቴ የእህቱን ልጅ ከገጠር ላምጣት፣ 11 ዓመቷ ነው፣ ትያዛቸው እኛም እናስተምራታለን ይላል። እናቴ ደብረ ብርሃን ናት፣ ላኪያቸው ትለኛለች ግን ጉልበቷን ያማታል። ክረምት ትምህርት እንዳላስመዘግብ ለሦስቱም መክፈል አልችልም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሦስቴ ነው ያነበብኩት፣ ሁሌ የሚያቆመኝ ልጅሽ ስልክ ላይ ያለችው ነገር ነው። ድፍረት እንዳትመስልሽ፣ እውነቷን ነው። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል እስከ ማታ 12 ሰዓት የ4 ዓመት ሕፃን ይዞ መዋል ለትልቅ ሰውም ያደክማል እንኳን ለሷ። ዛሬ ማታ ሌላው ሁሉ ይቆይና አጠገቧ ቁጭ በይና «ልክ ነሽ ልጄ፣ እናቷ እኔ ነኝ፣ ሰው እፈልጋለሁ፣ አንቺ ግን ትረጂኛለሽ» በያት። ሸክሟን ያየላት ሰው እንዳለ ማወቋ ብቻ ግማሹን ኩርፊያ ያነሳላታል።

የእህቱን ልጅ ነገር ሳልሸፋፍን ልንገርሽ፣ አታምጧት። ባለቤትሽ በክፋት እንዳላለው ይገባኛል፣ አገራችን ውስጥ ስንት ሰው በዘመድ ቤት አድጎ ተምሮ ለወግ ለማዕረግ በቅቷል። ግን ለ13 ዓመቷ ልጅሽ የከበዳትን ነው እኮ ለ11 ዓመት ልጅ የምትሰጧት፣ ያውም ከናቷ ተለይታ፣ በማታውቀው ከተማ። እኔ ያደግኩበት ቤት እንደዚሁ ልትማር ተብላ የመጣች የዘመድ ልጅ ነበረች። የመጣችው በክረምት ነው፣ መስከረም ሲጠባ ምዝገባው አለፈ ተባለ፣ በሚቀጥለው ዓመት ተባለ። ጠዋት ጠዋት የኔን ቦርሳ ተሸክማ እስከ ትምህርት ቤቱ በር ድረስ ታደርሰኛለች፣ በሩ ጋ ቦርሳውን ትሰጠኝና ውስጥ ያሉትን ልጆች ትንሽ አየት አድርጋ ትመለሳለች። ዛሬ ከ50 ዓመቴ በላይ ነኝ፣ ያ አስተያየቷ ግን እስካሁን ፊቴ ላይ አለ። ልጅቷን መርዳት ከፈለጋችሁ ደብተሯንና ዩኒፎርሟን ግዙላት፣ እዛው እናቷ ጋ ሆና ትማር። መምጣት ካለባት ደግሞ ለአንድ ሳምንት እንግዳ ሆና ትምጣ፣ ከልጆችሽ ጋር ተጫውታ ትመለስ፣ እሷም እኮ ክረምቷ ነው።

እና ማን ይያዛቸው? ትልልቆቹ ሰዎች ናቸዋ። እስቲ ቀን እንቁጠር። ሐምሌ 30፣ ነሐሴ 30፣ ጳጉሜን 5፣ ሲደመር 65 ቀን ነው፣ ከሰኞ እስከ አርብ ያለውን ብቻ ብትወስጂ 46 አካባቢ ነው፣ ከሱ ላይ ያለፈው አልፏል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 መሠረት አንድ ዓመት ያገለገለ ሠራተኛ 16 የሥራ ቀን የዓመት ፈቃድ አለው፣ ከዛ በኋላ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመርለታል፣ ሠራተኛው ጠይቆ አሠሪው ከተስማማ ደግሞ ለሁለት ተከፍሎ ይወሰዳል። ሰኔ ባንክ ቤት ሒሳብ መዝጊያ ስለሆነ ፈቃድ እንደማይታሰብ አውቃለሁ፣ ነሐሴ ላይ ግን አለቃሽን ቀደም ብለሽ ብትጠይቂ ሰባት ስምንት ቀን ላያቅት ይችላል። ይሄ ፈቃድ ያንቺ ብቻ አይደለም፣ ባለቤትሽም አለው! ሀዋሳ ነኝ ማለት ክረምቱ አይመለከተኝም ማለት አይደለም፣ ሁለት ሳምንት ወስዶ ቤት ይምጣ፣ ምሳ ያቅርብ፣ ትንሿን ያስተኛ፣ ልጆቹም አባታቸውን ቀን በብርሃን ይዩት።

ሁለተኛ፣ ብሎክሽ ላይ እንዳንቺ የተጨነቀች እናት እንዳለች እርግጠኛ ነኝ። ሦስት ቤት ሆናችሁ እንደ እቁብ ተራ ግቡ፣ አንዷ ፈቃድ ስትወጣ የሁሉንም ልጆች ትያዝ፣ ሌላዋ በተራዋ። ሦስት እናት ስምንት ስምንት ቀን ብትወጣ 24 ቀን ነው፣ የአባቶቹ ሲጨመርበት ደግሞ ቀሪው ክረምት አብዛኛው ተሸፈነ። በቃል ብቻ አይሁን፣ ወረቀት ላይ ቀኑን ከነስሙ ጽፋችሁ በየፍሪጁ ላይ ለጥፉት፣ ካልተጻፈ ሦስተኛው ሳምንት ላይ መቀያየም ይመጣል።

ያለሽን ገንዘብ ለሦስቱ አትበትኚው፣ ለትንሿ አውዪው። የ4 ዓመት ልጅ ነች ትልቅ ሰው የግድ የሚያስፈልጋት፣ ሰፈር ያለ የሕፃናት ማቆያ ወይም ቤቷ የምትውል የምታምኛት ጎረቤት በክፍያ ትያዝልሽ። ወንዱና ትልቋ ትንሿ ከላያቸው ላይ ከተነሳች ተራ በሌለበት ቀን ጎረቤት ብቅ እያለች ካየቻቸው የተወሰነ ሰዓት መሆን ይችላሉ።

ለነሱ ደግሞ እንደ ትምህርት ቀን ምሳ ዕቃ ቋጥሪላቸው። ይሄን ከራሴ ነው የምነግርሽ። ልጆቼ ትንሽ እያሉ ወጡን ድስት ውስጥ ትቼላቸው ነበር የምሄደው፣ አንድ ቀን ልጄ ላሙቅ ብሎ ስቶቩ ላይ ጥዶት የድስት መያዣው ጨርቅ ተቀጣጠለ፣ ጎረቤት ነው ሽታውን ሰምቶ የደረሰው። ከዛ ቀን በኋላ ሙቅ ነገር በፔርሙስ፣ ምሳ በምሳ ዕቃ፣ ስቶቩ ሶኬቱ ተነቅሎ፣ ሲሊንደርም ከሆነ ከሥሩ ተዘግቶ ነው የምወጣው። ምሳ ዕቃው ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው፣ ስድስት ሰዓት ላይ ሲከፈት ልጆቹ ቀኑ መሀል እንደደረሰ ያውቃሉ፣ ማታ ስትገቢ ከፍተሽ ስታዪው ደግሞ ማን በላ ማን አልበላም ሳትጠይቂ ታውቂያለሽ። በረንዳው ላይ ወንበርም ጀሪካንም ሳጥንም እንዳይቀር፣ ትንሿ ቤት ባለችበት ቀን የበረንዳው በር ቁልፉ ካንቺ ጋር ይሁን። ዝናብ ሲቆምላቸው ግቢ ወርደው ይጫወቱ፣ ኳስ ቢገባም ባይገባም ቱቦና ወንዝ ዳር ግን በፍጹም፣ የክረምት ጎርፍ እላይ ዘንቦ ነው እታች የሚወርደው፣ ሰማዩ ጠራ ተብሎ አይታመንም።

ስልኩን በተመለከተ፣ የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ከ2 እስከ 4 ዓመት ያለ ልጅ በቀን ከ1 ሰዓት በላይ ስክሪን ላይ እንዳይቀመጥ፣ ከዚያም ቢያንስ ይሻላል ይላል፣ ይሄ ለትንሿ ነው። ለወንዱ እኔ የምልሽ ከምሳ በፊት ስልክ የለም በይ፣ ቻርጀሩንም ይዘሽው ሂጂ። ዝም ብለሽ ስልኩን ብትቀሚው ግን ቀኑን ሙሉ ይነጫነጫል፣ ምትክ ያስፈልገዋል፣ ያውም የእውነት ሥራ። ውሃ በሚመጣበት ቀን ጀሪካኑን የሚሞላው እሱ ይሁን፣ ሞላ ብሎ ይደውልልሽ። ነሐሴ 13 ቡሄ ነው፣ ከብሎኩ ልጆች ጋር ሆያ ሆዬ የሚለማመድበት ጊዜ አሁን ነው፣ ዱላውን ራሱ ይፈልግ፣ ግጥሙን አያቱ ጋ ደውሎ ይጠይቅ፣ የሰፈሩ ልጆች ስልክ ላይ ከሰሙት ውጪ አዲስ ስንኝ ይዞ ሲመጣ እንዴት እንደሚኮራ አስቢው። ትልቋ መሳል ከወደደች የእንቁጣጣሽ አበባ ወረቀት ካሁኑ ትጀምር፣ ቀለሙን ግዢላት፣ ለዘመድ ለጎረቤት ስታዞር የምታገኘው ብር የሷ ነው፣ ማንም አይንካባት።

ክረምት ትምህርት ለትልቋ ብቻ፣ እሱም በሳምንት ሁለት ሦስት ጠዋት ይበቃታል፣ ዓመቱን ሙሉ ሲማር የከረመ ልጅ ማረፍም አለበት። እሁድ እሁድ አንዳንዴ አውጫቸው። አምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም ሄደው ድንቅነሽን ይዩ፣ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ሲባል ወንዱ ይጠይቅሻል፣ በ1967 ሐዳር ላይ እንደተገኘች ንገሪውና አፋር የት እንደሆነ ካርታ ላይ ይፈልግ። አራት ኪሎ ደግሞ በ2014 ታህሳስ የተመረቀው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት አለ፣ ትልቋን እዛ አንድ ጊዜ ውሰጃትና አስለምጃት።

እናትሽ ጋ ይሂዱ፣ ግን ሦስቱም አይሂዱ፣ ሁለቱ ትልልቆቹ ብቻ፣ ለሁለት ሳምንት፣ አባታቸው አድርሷቸው። ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ናት፣ ሩቅ አይደለችም፣ ብርዷን ግን ታውቂዋለሽ፣ ሹራብና ቦቲ አትርሺ። የፍልሰታ ጾም ከነሐሴ 1 ጀምሮ ስለሆነ እናትሽ ቅዳሴ ስትሄድ አብረዋት ይሂዱ፣ የሰፈሩ ሱቅ ድረስ የሚላኩት እነሱ ይሁኑ፣ ጉልበቷ እንዲያርፍ።

ጥያቄ፦ ሰላም ለናንተ ይሁን፣ የምንኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ሜሪላንድ ነው። እኔ ኡበር እነዳለሁ፣ ባለቤቴ ነርሲንግ ሆም የሌሊት ሺፍት ትሠራለች። ልጆቻችን 7 እና 12 ናቸው። ሰመር ካምፕ ዋጋው አይቀመስም። ጠዋት እኔ ወጥቼ እሷ እስክትገባ ሁለት ሰዓት ያህል ብቻቸውን ይሆናሉ። ጎረቤታችን ያለች ሐበሻ ይሄ በሕግ ያስጠይቃችኋል ትለናለች፣ እኛ አገር እኮ በ7 ዓመታችን ከብት ጠብቀናል፣ እውነት ያስጠይቃል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ጎረቤትህ እውነቷን ነው፣ አመስግናት። በሜሪላንድ ሕግ ዕድሜው ከ8 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ቤት ውስጥም መኪና ውስጥም ብቻውን አይተውም፣ አብሮት የሚሆነው ሰው ቢያንስ 13 ዓመት የሞላውና የሚታመን መሆን አለበት። የናንተ ትልቁ 12 ነው፣ ስለዚህ ሁለት ሰዓትም ቢሆን አይሆንም። ከብት ጠብቀናል ያልከው ልክ ነው፣ ግን ሜዳው ላይ ስንት ሰው ያይህ ነበር፣ አፓርታማ ውስጥ በር ተዘግቶ የሚያይ የለም። ኡበር የራስህ ሰዓት ነው፣ ከሷ መግቢያ በኋላ ውጣ፣ የጠዋቱ ገቢ እንደሚጎዳህ አውቃለሁ፣ ማታ ላይ ለማካካስ ሞክር።

እሷ ደግሞ ሌሊቱን ሠርታ መጥታ መተኛት አለባት፣ እንቅልፍ ያጣች እናት ልጅ ያዘች አይባልም። ለሷ እንቅልፍ ልጆቹ ከቤት የሚወጡበት መላ ፈልጉ። የካውንቲው ላይብረሪ የክረምት የንባብ ፕሮግራሙ በነጻ ነው፣ የካውንቲው ሪክሪኤሽን ደግሞ ገቢው ዝቅ ላለ ቤተሰብ የክፍያ ድጋፍ አለው፣ ፎርሙን ለመጠየቅ አትፈር። በየሰፈሩ እስከ 18 ዓመት ላሉ ልጆች በነጻ ምሳ የሚሰጡ ቦታዎች አሉ። ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ከሄዳችሁ ተራ የምትገቡባቸው ሌሎች ወላጆች አታጡም። አማርኛው እየጠፋባቸው ከሆነ ፊደሉ 33 ቤት ነው፣ በቀን አንድ መስመር፣ ሀ ሁ ሂ ብለው ቢጀምሩ 33 ቀን ነው፣ ትምህርት ቤት ሳይከፈት ያልቃል፣ ትልቁ ትንሹን ያስጠናው።

ጥያቄ፦ ልጆቼ፣ 68 ዓመቴ ነው፣ ደሴ ነው የምኖረው። ልጄ ክረምቱን ብላ አራት የልጅ ልጆች ልካልኛለች፣ እወዳቸዋለሁ ግን ደከመኝ፣ ሌሊት ወገቤን ስለሚያመኝ አልተኛም። እንዴት ብዬ ልንገራት? ልጆቼን ጠላሻቸው እንዳትለኝ ፈራሁ።

መልስ፦ እማማ፣ ጤናዎን ያብዛልዎት። ደከመኝ ማለት መጥላት አይደለም፣ ልጅዎ ከሰው ሳይሆን ከርስዎ ብትሰማው ነው የሚሻለው፣ እርስዎ ዝም ካሉ እሷ ደህና ነው ብላ ነው የምትውለው። ደግሞ አንድ ነገር ከሆኑ አራቱም ልጆች ያለ ሰው ነው የሚቀሩት። በስልክ እንዲህ ይበሏት፦ «ልጄ፣ ልጆችሽ ቤቴን ሞልተውልኛል፣ ደስ ብሎኛል። ወገቤ ግን አላስተኛኝም። ትልልቆቹ ሁለቱ ይቆዩልኝ፣ ውሃም ያቀብሉኛል፣ ትንንሾቹን ግን በዚህ ሳምንት መጥተሽ ውሰጂልኝ፣ ለእንቁጣጣሽ ሁላችሁም ትመጣላችሁ»። ዛሬ ማታ፣ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ይደውሉላት።