አንድ ክራር፣ አንድ ድምፅ፣ ሁለት ኢንፑት

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር የምንኖር ወንድምና እህት ነን። እኔ ክራር እጫወታለሁ፣ እሷ ታዜማለች። እስካሁን በስልክ ስንቀርጽ ቆይተን አሁን ጥቂት ገንዘብ ስላጠራቀምን ከቤታችን አንዱን ክፍል ስቱዲዮ ልናደርገው አስበናል። ያለን ዊንዶውስ የተጫነበት ባለ 8 ጊጋባይት ራም ላፕቶፕ ነው። ያየናቸው ሳውንድ ካርዶች (የማይክን ድምፅ ወደ ኮምፒውተር የሚያስገቡ መሣሪያዎች) ባለ ሁለት፣ ባለ አራትና ባለ ስምንት ኢንፑት፣ ማለትም የድምፅ ማስገቢያ ናቸው፤ 192 ኪሎኸርዝ የተጻፈበት ደግሞ ዋጋው ከፍ ይላል። በመቅረጫ ሶፍትዌሩም ጓደኞቻችን ኤፍኤል ስቱዲዮ፣ ኪውቤዝና ሪፐር እያሉ አልተስማሙም። የትኛውን ብንገዛ ይሻላል?

መልስ፦ ሱቅ ከመግባታችሁ በፊት በአንድ ጊዜ የምትቀርጹት ድምፅ ስንት እንደሆነ ቁጠሩ። ይህ በዘፈኑ ውስጥ ስንት ድምፅ አለ ከሚለው ጥያቄ የተለየ ነው፤ ክራሩን ዛሬ፣ ከበሮውን ነገ፣ ተቀባዮቹን በሳምንቱ ቀርጾ መደረብ ስለሚቻል፣ ሃያ ትራክ (ለየብቻ የተቀረጸ ድምፅ) ያለው ዘፈን በባለ ሁለት ኢንፑት ካርድ ተጀምሮ ሊያልቅ ይችላል። ስምንት ኢንፑት የሚያስፈልገው ድራም ወይም ሙሉ ባንድ በአንድ ጊዜ ለሚቀርጽ ሰው ነው። እኔ በጀማሪነቴ ይህን የሚነግረኝ አጥቼ ባለ ስምንቱን ገዛሁ፤ ስድስቱ ቀዳዳዎች ለዓመታት አቧራ ሲጠጡ ኖሩ።

ለእናንተ የሚበቃው የማይክ ማስገቢያው ሁለት የሆነ፣ ከላፕቶፑ በዩኤስቢ ገመድ ኃይል የሚወስድ ካርድ ነው። የፎከስራይት ስካርሌት 2አይ2 እና የቤሪንገር ዩኤምሲ202ኤችዲ ከዚህ ወገን ናቸው። የስካርሌት ሶሎ ግን ሁለት ኢንፑት ቢኖረውም ማይክ የሚቀበለው አንዱ ብቻ ስለሆነ፣ ክራሩ ፒክአፕ (ድምፁን ያለ ማይክ በገመድ የሚያወጣ መሣሪያ) ከሌለው አብራችሁ ልትቀርጹበት አትችሉም። በዩኤስቢ የሚሠራ ካርድ ሌላም ጥቅም አለው፤ መብራት ሲጠፋ የላፕቶፑ ባትሪ ሁለቱንም ስለሚሸከም፣ ጥሩ የወጣ ዜማ መሐል ላይ አይቋረጥባችሁም። እንዲያውም ቻርጀሩን ነቅሎ መቅረጽ ከኤሌክትሪክ መስመሩ የሚመጣውን እዝዝታ ብዙ ጊዜ ያጠፋዋል። ያገለገለ ካርድ የምትገዙ ከሆነ ደግሞ ለላፕቶፓችሁ ዊንዶውስ የሚሆን ድራይቨር (ካርዱን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያግባባ ሶፍትዌር) መኖሩን ገንዘቡን ከመክፈላችሁ በፊት አረጋግጡ።

192 ኪሎኸርዝ ለሚለው ጽሑፍ ብላችሁ አንድ ብር እንኳ አትጨምሩ፤ ቁጥሩ ካርዱ ድምፁን በሰከንድ ስንት ሺህ ጊዜ እንደሚለካ የሚያሳይ ነው። የሰው ጆሮ የሚሰማው ቢበዛ እስከ 20 ኪሎኸርዝ ገደማ ሲሆን፣ በ44.1 ኪሎኸርዝ የተቀረጸ ድምፅ የዚያን ግማሽ፣ እስከ 22 ኪሎኸርዝ ድረስ ያለውን ይይዛል። 48 ኪሎኸርዝ በ24 ቢት ምረጡ፤ በዚህ ልክ አንድ ትራክ በደቂቃ 8.6 ሜጋባይት ያህል ሲወስድ በ192 አራት እጥፍ ይሆናል፤ ትርፉ የዲስክ መሙላት ነው። ዋጋ ያለው 24 ቢቱ፣ ማለትም የእያንዳንዱ ልኬት ጥራት ነው፤ ጌኑን (የማይኩን ድምፅ ማጉያ) ዝቅ አድርጋችሁ፣ ከፍተኛው ድምፅ ከዜሮ፣ ማለትም ካርዱ ከሚችለው የመጨረሻ ከፍታ፣ 12 ዴሲቤል ያህል በታች እንዲቀር ብትቀርጹ እንኳ ሹክሹክታው በካርዱ ጫጫታ አይዋጥም። እህትዎ ድንገት ድምጿን ከፍ ስታደርግም አይሰነጠቅም።

የተረፈውን ገንዘብ ለማይክና ለክፍሉ አውሉት። ኮንደንሰር ማይክ 48 ቮልት ከካርዱ የሚፈልግ፣ እጅግ ስሜታዊ የሆነ ማይክ ነው፤ የእህትዎን ትንፋሽ ሲይዝ በመንገዱ የሚያልፈውን ባጃጅ፣ በሚያዝያ ሙቀት የምትከፍቱትን ማራገቢያና የላፕቶፑን ፋን ጭምር ይይዛል። ስለዚህ እንደ ሹር ኤስኤም58 ያለ ዳይናሚክ ማይክ ከአፍ አንድ ስንዝር ያህል አርቆ መጠቀም በእንዲህ ዓይነት ቤት የተሻለ ውጤት ይሰጣል፤ ተመሳስሎ የተሠራ በብዛት ስላለ ግን ከምታምኑት ሰው ግዙ። ባዶ ግድግዳና ሲሚንቶ ወለል ድምፁን መልሶ ስለሚወረውር፣ ከዘፋኟ ጀርባ ልብስ የሞላበት ቁም ሳጥን ክፈቱ ወይም ወፍራም ብርድ ልብስ ስቀሉ። ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የሚወርደውን የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ ግን ብርድ ልብስ አይመልሰውም፤ በእነዚያ ወራት ቀረጻውን ለባራው ሰዓት፣ ቅንብሩን ለዝናቡ ሰዓት መድቡ።

አብራችሁ ስትቀርጹ ጎን ለጎን አትቀመጡ። ካርዲዮይድ የሚባሉት ማይኮች ከጀርባቸው የሚመጣውን ድምፅ እምብዛም ስለማይሰሙ፣ ፊት ለፊት ተቀምጣችሁ የእያንዳንዳችሁ ማይክ ጀርባውን ለሌላው ቢሰጥ፣ ክራሩ በድምፁ ትራክ ውስጥ የሚገባው ይቀንሳል። የክራሩ ገበቴ ቆዳ ደግሞ እርጥበት ሲነካው ስለሚላላ፣ ከሐይቁ ዳር ባለ ቤት ጠዋት የተቃኘው ክራር ቀትር ላይ ሌላ ሆኖ ሊገኝ ይችላል፤ በየቅጂው መሐል ቅኝቱን ፈትሹ፣ የትዝታውን ዘፈኖች በአንድ ቀን፣ የባቲውን በሌላ ቀን ጨርሱ። ድምፅ የሚያርሙ ፕለጊኖችም (በመቅረጫው ሶፍትዌር ላይ የሚጨመሩ ትንንሽ ፕሮግራሞች) እንዳሉ ሲከፈቱ ድምፁን ወደ ፒያኖ ኖታ ስለሚጎትቱ፣ አንቺሆዬን ለእነርሱ አሳልፋችሁ አትስጡ።

ሶፍትዌሩን በሚመለከት የጓደኞቻችሁ ክርክር ከሚገባው በላይ የጋለ ይመስለኛል። ሦስቱም ይቀርጻሉ፣ ሦስቱም ያቀናብራሉ። ኤፍኤል ስቱዲዮ የሙዚቃ ምት (ቢት) ለሚሠራ ሰው ይመቻል፤ የሙከራ ቅጂው ግን ያስቀመጣችሁትን ሥራ መልሶ አይከፍትም። እንደ እናንተ ቀጥታ ለሚቀርጽ ሰው እኔ ሪፐርን እመርጣለሁ፤ ለማውረድ ትንሽ ነው፣ በ8 ጊጋባይት ራም ሳይጨናነቅ ይሠራል፣ ለ60 ቀንም ምንም ሳይጎድልበት ይሞከራል። ለግለሰብ ፈቃዱ 60 ዶላር ስለሆነ፣ በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ ያለው ዘመድ ከወዲሁ ፈልጉ። ሪፐርን የጀመረው ጀስቲን ፍራንክል ቀደም ሲል የሙዚቃ ማጫወቻውን ዊንአምፕን የሠራ ሰው ነው፤ የካፌ ኮምፒውተሮችን ዘመን የምታስታውሱ ታውቁታላችሁ። አቀናባሪያችሁ ኪውቤዝ ቢጠቀም እንኳ ችግር የለም፤ እያንዳንዱን ትራክ ሁሉም ከዜሮ ሰከንድ እንዲጀምር አድርጋችሁ በዌቭ ፋይል ብትሰጡት በየትኛውም ሶፍትዌር ይከፍተዋል።

ጥያቄ፦ ማሲንቆ እየመታሁ ስዘፍን ድምፄ በኸድፎኑ ዘግይቶ ይመለስብኛል። ካርዱ ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ አይመስለኝም። ድምፁ ወደ ኮምፒውተሩ ገብቶ እስኪመለስ በበፈር፣ ማለትም በጊዜያዊ ማቆያ ውስጥ ይጠብቃል። በ48 ኪሎኸርዝ በፈሩ 1024 ልኬት የሚይዝ ከሆነ በአንድ በኩል ብቻ 21 ሚሊሰከንድ ያህል ይዘገያል፤ 128 ሲሆን ከ3 በታች ይወርዳል። በሶፍትዌሩ ውስጥ የካርዱን የራሱን አሲዮ (ASIO፣ መዘግየትን የሚቀንስ) ድራይቨር ይምረጡ፣ ሲቀርጹ በፈሩን ወደ 128 ዝቅ፣ ሲያቀናብሩ ወደ 1024 ከፍ ያድርጉ። ካርድዎ ዳይሬክት ሞኒተር የሚል ቁልፍ ካለው ግን እርሱን ማብራት ከሁሉም ይቀላል፤ ድምፅዎ በኮምፒውተሩ ሳያልፍ በቀጥታ ይሰማዎታል። ያኔ ድምፁ ሁለት ጊዜ ከተሰማዎ፣ በሶፍትዌሩ ውስጥ የዚያን ትራክ ሞኒተር (የማዳመጫ ቁልፍ) ያጥፉት።