ፕላስቲክ ፓራውልት ላይ ስቱኮ የማይቆየው ለምንድን ነው?

ሰላም ወንድሜ። ሸካራውን ጥቁር ፓራውልት (ባምፐር) አለስልሰህ በመኪናው ቀለም ልትቀባው ፈልገህ፣ የሞላኸው ስቱኮ ብዙም ሳይቆይ ተላቀቀብህ። ስቱኮው አልደረቀም ይሆን ወይ ብለህ ጠይቀሃል። እኔ ችግሩ የመድረቅ አይመስለኝም። ፕላስቲኩ አልያዘውም።

ፓራውልቱን ፍታና ጀርባውን እይ። የተሠራበት ፕላስቲክ ዓይነት በፊደል ተቀርጿል። ፒፒ (PP) ወይም ፒፒ ኢፒዲኤም (PP/EPDM) የሚል ካገኘህ ፖሊፕሮፒሊን አለበት ማለት ነው፤ አብዛኛው ባምፐር እንደዚያ ነው። ይሄ ፕላስቲክ ቀለምም ሙጫም በቀላሉ አይቀበልም። ኤቢኤስ (ABS) የሚባለው ሌላው ፕላስቲክ ከሆነ ግን ሥራህ በጣም ይቀላል።

ከመፈግፈግህ በፊት እጠበው። ብዙ ሰው ይሄን ይገለብጠዋል። ሳይታጠብ ከተፈገፈገ ላዩ ላይ ያለው ሰምና ሲሊኮን ጭረቱ ውስጥ ይገባል፣ ከዚያ ማውጣቱ አበሳ ነው። ለብ ባለ ውሃና በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና በብሩሽ እሸው። ሲደርቅ በአልኮል በራሰ ጨርቅ ጥረገው፣ ወዲያው በሌላ ደረቅ ጨርቅ አንሳው።

አሁን ብርጭቆ ወረቀት። በማሽን አትቸኩል። ፖሊፕሮፒሊን ሲግል ይለሰልስና ፀጉር ያበቅላል። ጣትህን ስታሳልፍበት ይታወቅሃል፣ ቀለም ከገባበት በኋላ ደግሞ እያንዳንዷ ክር ቆማ ትታያለች። በእጅ፣ ውሃ እያስነካህ፣ በሸካራው 180 ቁጥር ጀምረህ ለስለስ ወዳለው 320 ሂድ። የቀረውን ፀጉር በስለታም ምላጭ ላጨው። ሸካራውን እስከ ሥሩ ልጨርስ አትበል። ጫፍ ጫፉን ካነሳህ ይበቃል፣ ጉድጓዱን ኋላ ከስቱኮው በላይ የሚረጨው ወፍራም ፕራይመር (ከቀለም በፊት የሚገባ መሠረት) ይሞላዋል።

ከዚያ ነው ዋናው ነገር፦ የፕላስቲክ ማጣበቂያ ፕራይመር። ስሱ አድርገህ ርጭው። ይሄ ጉድጓድ አይሞላም፣ ሥራው ማያያዝ ብቻ ነው። ኋላ ላይ ስትፈገፍግ ፕላስቲኩ እንደገና ብቅ ካለ እዚያ ቦታ ላይ ድገመው። በእኔ እይታ በየቤቱ የሚሠራው ሥራ የሚበላሸው እዚች ጋ ነው።

ስቱኮው ለፕላስቲክ ተብሎ የተሠራ፣ የሚተጣጠፍ ይሁን። የላሜራው ስቱኮ ይደርቅና ግትር ይላል። ፓራውልት ደግሞ ትንሽ ሲነካ ይታጠፋል፣ ያኔ ይሰነጠቃል። በስሱ እየደራረብክ አስገባ። ቆርጠህ የቀጠልከው ቦታ ካለ ክፍተቱን በስቱኮ አትድፈነው። በተመሳሳይ ፕላስቲክ ከጀርባ ተበይዶ፣ ከውስጥ የብረት መረብ ቢቀበርበት ነው የሚጸናው።

መለስለሱን በዓይን ብቻ አትመን። ወፍራሙ ፕራይመር ላይ ጥቁር ስፕሬይ ከሩቅ እፍ አድርግበትና ብርጭቆ ወረቀቱን ጠፍጣፋ እንጨት ላይ ጠቅልለህ ፈግፍግ። ጥቁሩ የቀረበት ሁሉ ገና ጉድጓድ ነው። ለቀለም በ600 ቁጥር ወረቀት ጨርሰው።

ማጠንከሪያ ተጨምሮበት የሚረጭ ፕራይመርና ክሊር (ከቀለም በላይ የሚረጨው ግልጽ ሽፋን) አብዛኛው አይሶሲያኔት የሚባል ኬሚካል አለው። ተራ የአቧራ ማስክ አያስጥልም፣ ሳንባ ይጎዳል። ተገቢው መከላከያ ከሌለህ እባክህ የመርጨቱን ሥራ የመርጫ ክፍል ላለው ባለሙያ ስጥ፤ ዝግጅቱን አንተ ከጨረስክ የእሱ ሥራ ትንሽ ነው። መኪናህ ከፓራውልቱ ጀርባ ራዳር ካለው ደግሞ በዚያ አንጻር ስቱኮ አታስገባ፣ ምልክቱን ያዛባዋል።