መርፌ ለያዛችሁ ወጣቶች፤ ስለ ጅምር ሥራ

ልጆቼ፣

ዕድሜዬን የጨረስኩት በልብስ ስፌት ነው። አሁን የሰው ልብስ መስፋቱን ትቼ ደስ ያለኝን ብቻ እሰፋለሁ። ለዚህ ነው መሰለኝ፣ ለራሳቸው ደስታ መርፌ የያዙ ወጣቶች አዘውትረው ያማክሩኛል። ብጣሽ ጨርቅ ገጣጥመው ብርድ ልብስ የሚሠሩ አሉ፤ ኩዊልት የምትሉትን ማለቴ ነው። የትራስ ልብስ የሚጠልፉ አሉ። ሁለቱንም ባንዴ የሚነካኩም አሉ። ጥያቄያቸው ግን ዞሮ ዞሮ አንድ ነው፦ «ጅምር በዛብኝ፣ ምን ይሻለኛል?»

ይብዛ። ግን እያንዳንዱ ጅምር የት ላይ እንደቆመና ለምን እንደቆመ እወቁ። የምነግራችሁ ነገር በሙሉ ከዚህ አያልፍም።

በእኛ ሙያ አንድ ልብስ ከቆረጣ እስከ ቁልፍ ጨርሶ ወደ ሌላው መሄድ ብዙም የተለመደ አይደለም። ቆረጣው በአንድ ላይ ይሠራል፤ መግጠሙ በአንድ ላይ ይሠራል፤ ዝምዘማውና ቁልፉ መጨረሻ ላይ ይመጣል። ስለዚህ የሰፊ ጠረጴዛ ሁልጊዜ በጅምር የተሞላ ነው። ልዩነቱ፣ የእኛ ጅምር ባለቤት አለው። በቀጠሮው ቀን መጥቶ በር ላይ ይቆማል። የእናንተ ጅምር የሚጠይቀው ሰው የለውም። ለዚህ ነው አልጋ ሥር ገብቶ የሚቀረው።

እኔ የምመክረው፣ ሁለት ሦስት ሥራ ከያዛችሁ ሁሉም አንድ ደረጃ ላይ አይሁኑ። አንዱ ቆረጣ ላይ፣ አንዱ መግጠም ላይ፣ አንዱ ጥልፍ ላይ ይሁን። ሲደክማችሁና ሙዳችሁ ሲወርድ ጥልፉን አንሱ። ጥልፍ የደከመ ሰው ሥራ ነው፤ እጅ ከለመደው ብዙ ማሰብ አይፈልግም። ቆረጣን ግን በደከመ ዓይን አትንኩት። የተሳሳተ ስፌት ይተረተራል። የተቆረጠ ጨርቅ አይመለስም።

ኩዊልት የሚሠሩትን ደጋግሜ አይቻለሁ፤ ሥራቸው የሚቆመው በዘፈቀደ ቦታ አይደለም። የታወቁ ማነቂያዎች አሉት።

የመጀመሪያው ማነቂያ ረድፎቹ አልገጥም ሲሉ ነው። በዚህ ሥራ የተለመደው የመጋጠሚያ ትርፍ፣ ከስፌቱ መስመር እስከ ጨርቁ ጠርዝ ያለው ማለቴ ነው፣ ሩብ ኢንች ነው፤ ወደ 6 ሚሊ ሜትር ይሆናል። አንድ ሚሊ ሜትር ብቻ አስፍታችሁ ሰፋችሁ እንበል። አንድ ሚሊ ሜትር ምን አላት? ነገር ግን እያንዳንዱ መጋጠሚያ ከግራም ከቀኝም ስለሚበላ ሁለት ሚሊ ሜትር ይሄዳል። በአንድ ረድፍ 12 ብጣሽ ካለ 11 መጋጠሚያ አለ። 22 ሚሊ ሜትር ጠፋ ማለት ነው። ከሥሩ ያለው ረድፍ በልኩ ከተሰፋ፣ ሁለቱን ማገናኘት ዘበት ነው። ያኔ ሰውየው ተበሳጭቶ ጨርቁን ጠቅልሎ ያስቀምጠዋል። «እኔ ለዚህ አልተፈጠርኩም» ይላል። ተፈጥሯል፤ የስፌት መኪናውን ሳይፈትሽ ስለጀመረ ነው።

መፈተሻው ቀላል ነው። 4 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያላቸው ሦስት ቁራጮች ጎን ለጎን ስፉ። በ6 ሚሊ ሜትር ትርፍ ከሰፋችሁ የመሃለኛው ስፋት ልክ 2.8 ሳንቲ ሜትር መሆን አለበት። ካነሰ ትርፋችሁ በዝቷል፤ ከበለጠ አንሷል። ጨርቅ የሚመራበትን ቦታ በትንሽ ፕላስተር መኪናው ላይ ምልክት አድርጉና እንደገና ሞክሩ። ይህን ሳታደርጉ ትልቁን ሥራ አትንኩ።

ካውያም እንዲሁ ብዙ ያበላሻል። ጨርቅ በድሩና በማጉ አቅጣጫ ሲሳብ እምብዛም አይለጠጥም። በሰያፍ ሲሳብ ግን ይለጠጣል። ሦስት ማዕዘን ብጣሽ ደግሞ ቢያንስ አንድ ጎኑ ሰያፍ ነው። ሸሚዝ እንደሚተኩስ ሰው ወዲያ ወዲህ ከጎተታችሁት ቅርጹ ይጠፋል። ካውያውን ጫኑ፣ አንሱ፣ ደግሞ ጫኑ። ሁለት ረድፍ ስታገናኙ የአንዱ ትርፍ ወደ ግራ፣ የሌላው ወደ ቀኝ የተተኮሰ ከሆነ መጋጠሚያዎቹ ራሳቸው ይቀመጣሉ። በጣት ሲዳሰስ ይታወቃል።

መተርተር ካስፈለገ ተርትሩ። በአንዱ ፊት በየአራት አምስት ስፌቱ ክሩን ቁረጡ፤ ከዚያ ጨርቁን ገልብጣችሁ የሌላውን ፊት ክር ሳቡት፤ ሙሉውን ይወጣል። ሁለቱን ጨርቅ ይዞ ግራና ቀኝ መጎተት አይሆንም፤ ጠርዙን ይለጥጠዋል።

መስመሩ ቀጥ እንዲል የማይፈልግ ሰውም አለ። ይህ ሌላ መንገድ ነው፤ እኔም እወደዋለሁ። በአሜሪካ አላባማ ጂስ ቤንድ በተባለች መንደር ያሉ ጥቁር ሴቶች ካረጀ የሥራ ልብስና ከጂንስ ጨርቅ ለቤታቸው የሚሆን ብርድ ልብስ ይሠሩ ነበር። ማስመሪያና መለኪያ ሳይሆን ዓይናቸውን ነው የሚከተሉት። በ2002 ሥራቸው በሂውስተን የሥነ ጥበብ ሙዚየም ለዕይታ ቀረበ። ልብ በሉ፣ እነሱ ያጎበጡት ፈልገው ነው።

ሁለተኛው ማነቂያ ውስወሳ ነው፤ ጨርቆቹን በረጃጅም ስፌት ለጊዜው አንድ ላይ መያዝ ማለት ነው። እውነቱን ለመናገር ይህን የሚወድ ሰው አላጋጠመኝም። ገበሩ ከታች፣ ሙሌቱ (ውስጥ የሚገባው ለስላሳ ንጣፍ) መሃል፣ የተገጣጠመው ጨርቅ ከላይ ሆኖ ሦስቱ አብረው መያዝ አለባቸው። ሰፊ ወለል ይፈልጋል፤ ጉልበት ያማል። ገበሩና ሙሌቱ ከላይኛው በየጎኑ እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ቢተርፉ ጥሩ ነው፣ ሲሰፋ ስለሚሰበሰብ። ከመሃል ጀምራችሁ ወደ ዳር እየወሰወሳችሁ ውጡ። ከዳር የጀመረ ሰው መሃል ላይ ጭብጥ የሚያህል ትርፍ ጨርቅ ይጠብቀዋል። ብቻችሁን አትሥሩት፤ ሰው ጥሩ። አዲስ ሥራ መቁረጥ ሲያምራችሁም መጀመሪያ የቆየውን ወስውሱ። የተወሰወሰ ሥራ ግማሹ አልቋል፤ ከዚያ በኋላ የሚቀረው ቁጭ ተብሎ የሚሠራ ነው። የሙሌቱን ማሸጊያ ግን አትጣሉ። የስፌት መስመሮቹ ቢበዛ ምን ያህል ሊራራቁ እንደሚችሉ የተጻፈው እዚያ ላይ ነው። ከዚያ ካራራቃችሁት ሲታጠብ ሙሌቱ ይሰበሰባል።

ሦስተኛው የጠርዝ ጥብጣብ ነው። ስለ እሱ ብዙ አልልም። ጨርቁን ገና ሥራውን ስትጀምሩ ቆርጣችሁ ከሥራው ጋር አስቀምጡት። ቆይታችሁ ልትገዙት ብትሄዱ ያው ቀለም ተብሎ የተሸጠላችሁ ጨርቅ ትንሽ ለየት ሊል ይችላል።

ወደ ጥልፍ ልምጣ። የጥልፍ ክር ብዙውን ጊዜ ስድስት ቀጫጭን ክሮች አንድ ላይ ሆነው ነው። ቁመቱን ከ45 ሳንቲ ሜትር አታስበልጡት። ረጅም ክር ጊዜ የሚቆጥብ ይመስላል፤ ግን በጨርቁ ሲመላለስ ይሻክራል፣ ይቋጠራል። የምትፈልጉትን ያህል ክር አንድ በአንድ ስባችሁ አውጡና መልሳችሁ አንድ ላይ አድርጉት። ሲጠለፍ ጠፍጥፎ ይተኛል፣ ያምራል። ቀይና ጥቁር ሰማያዊ ክር ከመጠቀማችሁ በፊት አርጥባችሁ በነጭ ጨርቅ ጨመቅ አድርጉት። ቀለም ከለቀቀ ሥራው ካለቀ በኋላ ሳይሆን አሁን እወቁት።

ለጊዜው ስታቆሙ ከጥልፍ ፍሬሙ አውጡት። ፍሬም ውስጥ የከረመ ጨርቅ ክብ መስመር ያወጣል፤ በዚያ መስመር ላይ አቧራ ከያዘ ማስለቀቁ ይቸግራል። መርፌውንም ንቀሉ፣ ዝገት ምልክት ይተዋል። ምልክት የምታደርጉበትን እስክሪብቶ ዓይነት ደግሞ ለዩ። በውሃ የሚጠፋው ካውያ ካገኘው ጨርቁ ላይ ሊቀር ይችላል። በሙቀት የሚጠፋው ደግሞ ኃይለኛ ብርድ ሲያገኘው ተመልሶ ብቅ ይላል። ለሰው የምትሰጡት ነገር ላይ እኔ ጠመኔን እመርጣለሁ፤ የድሮ ሰው በሉኝ።

የቆመውን ሥራ በጨርቅ ከረጢት አስቀምጡት። ላስቲክ እርጥበት ያፍናል። ከረጢቱ ውስጥ ብጣሽ ወረቀት ክተቱ፦ የመርፌ ቁጥር፣ የክር ዓይነት፣ የስፌቱ ርዝመት፣ «ቀጥሎ 4ኛውን ረድፍ ከ5ኛው ማገናኘት» የሚል። ዛሬ ምን እየሠራችሁ እንደነበር ታውቃላችሁ። ከስድስት ወር በኋላ አታውቁም። ጅምር የሚያስፈራው ግማሽ ስለሆነ አይደለም፤ ከየት እንደሚቀጠል ስለሚጠፋባችሁ ነው። የመኪና መርፌ ሲደነዝዝም አትሰስቱ። ጨርቅ ሲወጋ «ጧ፣ ጧ» ማለት ከጀመረ ቀይሩት። በነገራችን ላይ መርፌው ላይ 80 የሚለው ቁጥር ውፍረቱን ነው የሚነግራችሁ፤ 0.8 ሚሊ ሜትር ማለት ነው።

የሞተ ጅምርም አለ። ከረጢቱን ስትከፍቱ ደስ የማይላችሁ፣ ቀለሙን እንኳ ለምን እንደመረጣችሁት የማታስታውሱት። እሱን ልቀቁት። ብጣሾቹን ለሌላ ሥራ አውሉ፣ ወይም ለሚፈልግ ስጡ። ማንም አይቀጣችሁም።

አንድ ሥራ ጥሩ ሲወጣላችሁ «ለምን አትሸጪውም? ለምን አትሸጠውም?» የሚል ሰው አይጠፋም። ለመልካም ብሎ ነው። እኔ በመሸጥ የኖርኩ ሰው ነኝና ንግዱን አልንቅም። ግን ደንበኛ ከመጣ ቀለሙን የሚመርጠው እሱ ነው፤ ቀኑንም እሱ ይቆርጠዋል። እንጀራ ካልሆነባችሁ አትቸኩሉ።

ሲያልቅ ገበሩ ጥግ ላይ ትንሽ ጨርቅ ስፉበት። ሃሪየት ፓወርስን ላንሳላችሁ። በ1837 በአሜሪካ ጆርጂያ በባርነት የተወለደች ሴት ናት። ከጨርቅ ቅርጽ እየቆረጠች የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪኮችን በኩዊልት ላይ ትሰፋ ነበር። የመጀመሪያውን አልሸጥም ብላ ቆይታ፣ ኑሮ ሲከብዳት በ5 ዶላር ሸጠችው። የገዛችው የሥዕል መምህር እያንዳንዱ ሥዕል ምን እንደሆነ ከፓወርስ አፍ ጠይቃ ጻፈች። ኩዊልቱ ዛሬ በስሚዝሶኒያን ሙዚየም ነው፤ ሥዕሎቹ ፓወርስ ራሷ እንደተረከቻቸው የሚነበቡትም በዚያ ጽሑፍ ምክንያት ነው። እናንተ ሌላ ጸሐፊ አትጠብቁ። ስማችሁን፣ ዓመተ ምሕረቱን፣ ለማን እንደሠራችሁት በማይለቅ ቀለም ጻፉ ወይም ጥለፉ። ጨርቁ ጥጥ መሆኑንና በቀዝቃዛ ውሃ እንደሚታጠብም ጨምሩበት፤ የተሰጠው ሰው መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው።