መልስ፦ በዓለም 250ኛ የሆነች የቴኒስ ተጫዋች ከጨዋታው በምታገኘው ገቢ ትኖራለች ወይ?

"በዓለም 250ኛ ከሆነችማ ሀብታም ናት አይደል?" ብለህ ለጠየቅከው፦ ኧረ በጭራሽ! ብዙዎቹ ወጪያቸውን ከሸፈኑ ተመስገን ነው የሚሉት።

አብዛኛውን ጊዜ የምትጫወተው በዓለም አቀፉ የቴኒስ ፌዴሬሽን ውድድሮች ነው። የትንሹ ውድድር ጠቅላላ ሽልማት 15 ሺህ ዶላር ነው። ልብ በል፣ ይህ ለአሸናፊዋ ብቻ አይደለም፤ በነጠላም በጥንድም የተጫወቱት ሁሉ ይካፈሉታል። በመጀመሪያው ዙር የወደቀች ልጅ የአውሮፕላን ትኬቷን እንኳ አትመልስም። ሆቴሉም፣ ምግቡም፣ የራኬት ክሩም ከኪሷ ነው። አሰልጣኝ ይዞ መዞርማ ቅንጦት ነው። ማክሰኞ ከተሸነፈች ማታውኑ ሻንጣዋን ዘግታ ስልኳ ላይ ርካሽ በረራ ትፈልጋለች።

ደረጃዋ የሚሰላበት ነጥብም ከ52 ሳምንት በኋላ ይወርዳል። ዓምና ያሸነፈችበት ሳምንት ሲመጣ ካልደገመችው ደረጃዋ ቁልቁል ነው።

የገንዘብ ትንፋሽ የሚሰጣት የግራንድ ስላም፣ ማለትም የአራቱ ትልልቅ የቴኒስ ውድድሮች፣ ማጣሪያ ነው። 128 ሴቶች ይገባሉ፤ ሦስት ጨዋታ በተከታታይ ያሸነፉ 16ቱ ወደ ዋናው ውድድር ያልፋሉ። ችግሩ፣ 250ኛ ላይ ያለች ልጅ ለማጣሪያውም ጠርዝ ላይ ናት። ብሪታኒያዊቷ ኤማ ራዱካኑ በ2021 150ኛ ሆና ከማጣሪያ ተነስታ ከአራቱ አንዱ የሆነውን የዩኤስ ኦፕንን ዋንጫ ወስዳለች። ግን እንዲህ ያደረገ ሌላ ማን አለ? ከማጣሪያ ተነስቶ ግራንድ ስላም ያሸነፈ ከእሷ በፊት፣ ወንድም ሴትም፣ አልነበረም።

ስለዚህ ብዙዎቹ በጎን ሌላ ይሞክራሉ። አንዳንዶቹ በጀርመንና በፈረንሳይ የክለብ ውድድሮች ይጫወታሉ። እዚያ ቢያንስ ክፍያው አስቀድሞ የታወቀ ነው።