የጠፋው በግና የልጄ ትምህርት

ጥያቄ፦ የምንኖረው አራት ኪሎ አካባቢ ነው። የ11ኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው ልጄ ከትምህርት ቤቷ የቴአትር ክበብ ጋር ለወላጆች ቀን የሚቀርብ አስቂኝ ሙዚቃዊ ተውኔት በመለማመድ ላይ ናት። ታሪኩ ሁለት ጎረቤታሞች በበዓል ዋዜማ በጠፋ በግ ምክንያት ሲጣሉ፣ መንደርተኛውም እየዘፈነና እየጨፈረ በጉን ሲፈልግ የሚያሳይ ነው። ለልምምዱ በሳምንት ሦስት ቀን አምሽታ ትመጣለች። ባለቤቴ «እየዘፈኑ በግ መፈለግ ለሕይወቷም ሆነ ለፈተናዋ ምን ይፈይድላታል? ቢያንስ ቁም ነገር ያለው ድራማ ቢሆን ምን ነበረበት?» ይላል። እኔም የምመልስለት አጣሁ። እውነት ወጣቶች እንዲህ ካለ የሳቅና የዘፈን ሥራ የሚማሩት ነገር አለ?
አንዲት እናት፣ ከአራት ኪሎ

መልስ፦ የተከበሩ እናት፣ አዎ፣ አለ፤ ነገር ግን ባለቤትዎ ትምህርቱን የሚፈልጉት መጨረሻ ላይ አንድ ሽማግሌ ተነሥቶ በሚያሰማው ምክር ውስጥ ከሆነ አያገኙትም። ለብዙ ዓመታት ወጣቶችን ቴአትር ያለማመድኩ ሰው እንደመሆኔ፣ ምክሩ ከመድረክ ሳይወርድ ሲረሳ፣ በልምምድ የተገኘው ግን ከልጆቹ ጋር ሲያድግ አይቻለሁ።

በመጀመሪያ ግን «ቀልድ ቁም ነገር አይሸከምም» የሚለው ሐሳብ ከራሳችን የቴአትር ታሪክ ጋር እንደማይስማማ ልንገርዎ። የዘመናዊ ቴአትራችን ጀማሪ የሆኑት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ከፈረንሳዊው ላ ፎንቴን ተረቶች ተነሥተው የጻፉት «ፋቡላ፡ የአውሬዎች ኮሜዲያ» አራዊትን እያናገረ የዘመኑን አስተዳደር የሚነቅፍ ተውኔት ስለነበረ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታግዷል። ባዶ ሳቅ ቢሆን ኖሮ ማንም ለማገድ አይደክምም ነበር። ፒያሳ የሚገኘው ሀገር ፍቅር ቴአትርም በ1927 ዓ.ም. በማኅበርነት ሲቋቋም የጣሊያን ወረራ አንዣቦ ነበርና፣ ሕዝቡን ለማንቃት ከንግግሩ ጋር ዘፈንና ፉከራ ይቀርብ ነበር።

አሁን ወደ ልጅዎ ልመለስ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የትምህርት ቤት አዳራሽ፣ ወላጆች ሞልተው በተቀመጡበት፣ አውጪ የነበረችው ልጅ ሁለተኛውን ስንኝ ረሳችው። አፏ ተከፍቶ ቀረ፤ እጇ የነጠላዋን ጥለት ጨብጦ ሲንቀጠቀጥ ከመጋረጃው ጀርባ ይታየኝ ነበር። ከኋላዋ የቆሙት ተቀባዮች ግን እርስ በርስ እንኳ ሳይተያዩ ጭብጨባውን ሳያቋርጡ አዝማቹን ደገሙላት፤ አንዱ ልጅ እንዲያውም እስክስታውን ይዞ ወደ ፊት ወጣና የተመልካቹን ዓይን ወደ ራሱ ሳበ። በሦስተኛው ዙር ስንኟን አገኘችው። አዳራሹ ሁሉ የተለማመዱት መስሎት አጨበጨበ። ያንን ማንም አላስተማራቸውም፤ ወራት ሙሉ አንዱ የሌላውን ድምፅ እያዳመጠ በመቆየቱ የመጣ ነው። የጓደኛን ስህተት ማጋለጥ ሳይሆን መሸፈን የሁሉም ሥራ እንደሆነ በ16 ዓመቱ በሰውነቱ የተማረ ልጅ፣ ነገ በመሥሪያ ቤትም በትዳርም ይህንኑ ይዞ ይገባል ብዬ ከልቤ አምናለሁ።

ሳቅ ራሱ ትዕግሥትን ይጠይቃል። ተመልካች ሲስቅ ተዋናዩ ሳቁ ሊበርድ እስኪል ካልጠበቀ ቀጣዩ ቃል ይሰጥማል፤ አብዝቶ ከጠበቀ ደግሞ አዳራሹ ይቀዘቅዛል። ለመናገር የሚቸኩል ወጣት ይህን ልክ ለማግኘት ብዙ ማምሸት አለበት።

ሌላው ነገር የዜማው አመላለስ ነው። ልጅዎ የምትሠራበትን ተውኔት አላየሁትም፤ ሆኖም በደንብ በተሠራ ሙዚቃዊ ተውኔት ውስጥ መጀመሪያ ላይ የተሰማ ዜማ ቆይቶ ይመለሳል፣ ሲመለስም ትርጉሙ ተለውጦ ነው። ጎረቤታሞቹ በጉ በጠፋ ሌሊት «በጌን ያየህ» እየተባባሉ የተካሰሱበት ዜማ፣ በማግሥቱ አንዱ ሌላውን ለምሳ ሲጠራ ፍጥነቱ ቀንሶ ቢመለስ፣ ተመልካቹ ያው ሰው ትናንት ከተናገረው በላይ እንደሆነ ያለ ማብራሪያ ይረዳዋል። ወጣትነት ሰውን በአንድ ንግግሩ ወይም በአንድ ጥፋቱ የሚፈርድበት ዕድሜ ነውና፣ ይህ ለልጅዎ የሚጠቅማት ይመስለኛል። ጠብ ያለ ተሸናፊ ሊያልቅ እንደሚችል ለማየትም ኮሜዲ ከሐዘን ተውኔት የተሻለ ቦታ ነው፤ በመጨረሻው ጭፈራ የተሳሳተውም ሰው ከሌሎቹ ጋር በአንድ መስመር ይቆማልና።

አንድ የሚያሳስበኝ ጉዳይ ግን አለ። ለማሳቅ ሲባል የገጠር ሰው አነጋገር፣ የአካል ጉዳት ወይም ድህነት መሣለቂያ የሚሆንባቸው ተውኔቶች በየመድረኩ አሉ። እንዲህ ያለው ሳቅ ወጣቱን የሚያስተምረው ደካማን መጫንን ነው። ስለዚህ የተውኔቱን ጽሑፍ ከልጅዎ ተቀብለው ያንብቡት፤ የሚሣቀው በማን ላይ እንደሆነ ይመልከቱ፤ ካልተስማማዎት ለክበቡ ኃላፊ ይንገሩ።

ስለ ጊዜው ባለቤትዎ የሚሉት ትክክል ነው። የ12ኛ ክፍል ፈተና ሩቅ አይደለም፣ ሦስት ምሽትም ቀላል አይደለም። ልምምዱ የሚያበቃበት ሰዓት ታውቆ እንዲጠበቅ፣ ከተቻለም አንዱ ቀን ወደ ቅዳሜ ጠዋት እንዲዛወር መምህሩን ይጠይቁ፤ የቀሩትን ምሽቶች ለጥናት እንድታውል ከልጅዎ ጋር በግልጽ ይስማሙ። እንድታቆም ግን አይጠይቋት፤ ከተቀባዮቹ አንዷ ብትጎድል ክፍተቱ ለሌሎቹ ነው የሚተርፈው፣ እሷም ይህን ታውቃለች።

በወላጆች ቀን ባለቤትዎ አብረውዎት ይሂዱ። ወደ ቤት ሲመለሱ «ምን ተማርሽ?» ብለው እንዳይጠይቋት አደራ፤ ለዚህ ጥያቄ ማንኛውም ልጅ የተዘጋጀ መልስ አለው። «በጉ የጠፋብሽ አንቺ ብትሆኚ መጀመሪያ የምትጠረጥሪው ማንን ነበር?» ይበሏትና መልሷን ሳያቋርጡ ያዳምጧት።