ሥራ እየሠሩ የአመራር ማስተርስ፦ ለጠየቅሽው መልስ

እህቴ፣ ቡድን መምራት ከጀመርሽ ወዲህ ከሥራው ይልቅ ሰው መያዙ እንደከበደሽ ነግረሽናል። ኤምቢኤ (የቢዝነስ አስተዳደር ማስተርስ) ይሻለኛል ወይስ ድርጅታዊ አመራር፣ ደግሞስ ሥራዬን ልልቀቅ ወይ ብለሽ ጠይቀሻል። እኔ ድርጅታዊ አመራርን እየሠራሁ ነው የተማርኩት። ያየሁትን ልንገርሽ።

ኤምቢኤ አካውንቲንጉንም፣ ፋይናንሱንም፣ ማርኬቲንጉንም ይዳስሳል። ድርጅታዊ አመራር ደግሞ ትኩረቱ ሰው ላይ ነው፤ ቡድን፣ ግጭት፣ ለውጥ፣ የመሥሪያ ቤት ባህል። በጀትና ገንዘብ ወደ መምራት መሄድ ከፈለግሽ ኤምቢኤውን ያዢ። ከጻፍሽው እንደተረዳሁት ግን የሚያስጨንቅሽ ሌላ ነው።

ሥራሽን ግን እባክሽ አትልቀቂ። ለዚህ ትምህርት መሥሪያ ቤትሽ ላብራቶሪሽ ነው። ኤሚ ኤድመንድሰን የምትባል ተመራማሪ በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የሆስፒታል ቡድኖችን ስታጠና፣ ጥሩ የሚባሉት ቡድኖች ብዙ ስህተት ተመዝግቦባቸው አገኘች። ነገሩ ሲጣራ፣ እነዚያ ቡድኖች ስህተታቸውን ሳይፈሩ ስለሚናገሩ ነበር። ይህን ካነበብኩ በኋላ ስብሰባ ላይ “ችግር አለ?” ማለቴን ትቼ “በዚህ ሳምንት ምን አስቸገራችሁ?” ብዬ መጠየቅ ጀመርኩ። መጀመሪያ ዝም አሉ። ከዚያ አንዷ ተናገረች፤ ቀስ በቀስ ሌሎቹም ተከተሉ። ሥራ ላይ ባልሆን ይህ ሁሉ ለፈተና ተሸምድዶ የሚረሳ ነገር ይሆን ነበር።

ንባቡ አይከብድም። የሚከብደው የግሩፕ ሥራው ነው፤ ሁሉም ሠራተኛ ስለሆነ የሚገናኘው ማታ ደክሞት ነው። ስለዚህ ሳትመዘገቢ አለቃሽን አናግሪ፤ የፈተና ሳምንት ላይ ፈቃድ መለመን ያስጨንቃል። ቤተሰብሽንም እንደዚያው።

ስለ ቴሲስ (የመመረቂያ ጽሑፍ) ጠበቅ አድርጌ ልናገር። ርዕሱን ቶሎ ምረጪ፤ ቢቻል በየቀኑ ከምታይው ችግር። ለምሳሌ አዲስ ሠራተኞች ለምን ቶሎ ይለቃሉ? የመሥሪያ ቤቱን መረጃ ለመጠቀም ፈቃዱን በጽሑፍ ያዢ። ደግሞ አንቺ ራስሽ የምትመሪያቸውን ሰዎች ቃለ መጠይቅ አታድርጊ። የሥራ አፈጻጸማቸውን የምትገመግሚው አንቺ ነሽ፤ እንዴት ብለው እውነቱን ይነግሩሻል? “አልፈልግም” ለማለትም ይቸገራሉ። ከሌላ ክፍል ያሉትን ጠይቂ፣ ወይም ሌላ ሰው ይጠይቅልሽ።

ትምህርት ቤት ስትመርጪ እውቅናውን አጣሪ። ከዚያ እዚያው የተማረ አንድ ሰው ፈልገሽ አሳይመንቶቹ ምን እንደሚመስሉ ጠይቂው። ከራስሽ ሥራ ተነስተሽ የምትጽፊያቸው ከሆኑ ጥሩ ነው። ሁሉም ነገር በፈተና ብቻ የሚያልቅ ከሆነ ግን ሌላ ብትፈልጊ ይሻላል።

የኮርስ ዝርዝሩ እጅሽ ሲገባ ላኪልኝ፤ አብረን እናየዋለን።