መኪናን በእጅ ሰም መቀባት፦ ጠየቃችሁ፣ መለስኩ

መኪናዬን ለአጣቢ ሰጥቼ አላውቅም። እጥበቱንም ሰሙንም ራሴው ነኝ፤ ዓመታት ሆነኝ። ባለሙያ ነኝ አልልም። ግን በዚህ ሥራ ሊበላሽ የሚችለውን ሁሉ አንድ በአንድ አበላሽቼ አይቻለሁ። «የመጣላችሁን ጠይቁኝ» ብዬ ነበር፤ ጥያቄው ጎረፈ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ መልሻለሁ።

ጥያቄ፦ ሰም ለማብረቅ ብቻ ከሆነ ይሄ ሁሉ ድካም ለምኔ ነው?

መልስ፦ ማብረቁ ምርቃት ነው። ዋናው ሥራው ስስ ሽፋን ሆኖ ቀለሙ ላይ መቀመጥ ነው። የዛሬ መኪኖች ከቀለሙ በላይ ክሊር የሚባል፣ የራሱ ቀለም የሌለው ንብርብር አላቸው። ውፍረቱ ብዙውን ጊዜ ከ40 እስከ 50 ማይክሮን አካባቢ ነው። ከአንድ የራስ ፀጉር ይሳሳል ማለት ነው። አቧራውም፣ ጨው ያለበት ውሃም፣ የወፍ ኩስም የሚያርፈው እሱ ላይ ነው። ሰም ካለ ግን መጀመሪያ የሚያገኙት ሰሙን ነው። ሰሙ ሲያልቅ ትደግመዋለህ። ክሊሩ ካለቀ መኪናህ የምትሄደው ቀለም ቀቢ ዘንድ ነው።

ጥያቄ፦ ሰምና ፖሊሽ ልዩነት አላቸው? ሻጩ «ያው ናቸው» አለኝ።

መልስ፦ ያው አይደሉም። ፖሊሽ ይፍቃል፣ ሰም ይሸፍናል። ፖሊሽ ውስጥ እጅግ የደቀቀ የሚሞርድ ነገር አለ። ክሊሩን በጥቂት በጥቂቱ እየላጠ ነው የሚያለሰልሰው። ስለዚህ በየወሩ የሚደረግ ነገር አይደለም። ሰም ግን ብትደጋግመው ከቀለምህ ላይ ምንም አይቀንስም። «ማጽጃ ሰም» የሚል ከተጻፈበት ሁለቱን የቀላቀለ ነውና እሱንም አታዘውትር። ፖሊሽ ካስፈለገ ከሰም በፊት ነው የሚገባው። እንደ ቅኔው ነው፤ ወርቁ ያለው ከሰሙ ሥር ነው።

ጥያቄ፦ የትኛውን ልግዛ? ካርናውባ የሚለው ውድ ነው፣ ሲንቴቲኩ (ሰው ሠራሹ) ረከስ ይላል።

መልስ፦ ካርናውባ ሰሜን ምሥራቅ ብራዚል ውስጥ ከሚበቅል ዘንባባ ቅጠል የሚገኝ ሰም ነው። ዛፉ ውሃው በፀሐይ እንዳያልቅበት ቅጠሉን የሚያለብሰው እሱን ነው። ከተፈጥሮ ሰሞች ጠንካራው የሚባለው ይሄ ነው። የንብ ሰም 62 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ላይ መቅለጥ ሲጀምር እሱ ከ80 በላይ ይፈልጋል። ብቻውን ቢሆን ግን ድርቅ ያለ ስለሆነ በእጅ አይቀባም፤ በማሟሟያና በዘይት ያለሰልሱታል። ስለዚህ ቆርቆሮው ላይ «100 ፐርሰንት ካርናውባ» ቢል ውስጡ ሙሉ ለሙሉ ካርናውባ ነው ማለት አይደለም። በውስጡ ያለው ሰም ካርናውባ ነው ማለት ነው።

ካርናውባ ከ1 እስከ 3 ወር ይቆያል። ሲንቴቲኩ 4፣ 5 ወር ሊሄድ ይችላል፤ እንደ አጠቃቀምህም ይወሰናል። ለጀማሪ ፈሳሹን ሲንቴቲክ ነው የምመክረው፤ ይቀባል፣ በቀላሉ ይጠረጋል። እኔ ግን የቆርቆሮውን ጠንካራ ሰም አልለቅም። ለምን ብትለኝ ሽታውን ስለምወደው ነው፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።

ጥያቄ፦ መኪናዬ ትናንት ታጥባለች። ዛሬ በቀጥታ ሰም ብቀባት ምን ችግር አለው?

መልስ፦ ሌሊቱን አቧራ አርፎባታል። አቧራ ማለት የደቀቀ አሸዋ ነው። በስፖንጅ ስታሽው በገዛ እጅሽ መኪናሽን በብርጭቆ ወረቀት እየፈተግሽ ነው። ፀሐይ ላይ ስትቆም ቀለሙ ላይ የሸረሪት ድር የመሰሉ ክብ ክብ ጭረቶች አይተሽ ታውቂያለሽ? እነሱ በአብዛኛው የመንገድ ጉዳት አይደሉም፤ የእጥበት ናቸው።

ስለዚህ እንደገና እጠቢያት፣ በሁለት ባልዲ። አንዱ ሻምፑ ያለው፣ ሌላው ንጹሕ ውሃ። የማጠቢያ ጓንቱን ከሻምፑው ታነሺና አንድ በር ታጥቢያለሽ፤ ከዚያ በንጹሑ ውሃ አለቅልቀሽ ነው ወደ ሻምፑው የምትመለሽው። መጨረሻ ላይ የንጹሑን ባልዲ ሥር ብታዪ የዘቀጠው አሸዋ ያስደነግጥሻል። ከላይ ወደ ታች ውረጂ፤ ቸርኬው መጨረሻ ነው፣ በራሱ ጨርቅ።

ከዚያ በደንብ አድርቂያት። ስፖኪዮው ሥርና የበሩ እጀታ ውስጥ ውሃ ይደበቃል። ሰም ስትቀቢ ጠብ ይልና ሥራሽን ያበላሻል።

ጥያቄ፦ ታጥቦ ደርቆም ቀለሙ ሲዳሰስ ይሻክራል። ቆሻሻው የታለ?

መልስ፦ እጅህን ስስ ፌስታል ውስጥ አስገባና ኮፈኑን በቀስታ ዳብሰው። ባዶ እጅ የሚያልፈውን ፌስታሉ ያሳብቃል፤ ጥቃቅን ጉብታ ይሰማሃል። የፍሬን ብናኝ ነው፣ የአስፋልት ሬንጅ ነው፣ የዛፍ ሙጫ ነው። ቀለሙ ላይ ተጣብቀው የቀሩ ናቸው፤ ሻምፑ አያነሳቸውም።

ክሌይ የሚባል እንደ ሊጥ የሚለመጥ ነገር አለ። ቆንጥረህ ጠፍጠፍ ታደርገዋለህ፣ ቀለሙን ሻምፑ በገባበት ውሃ ታረጥባለህ፣ ሳትጫን ታንሸራትተዋለህ። መጀመሪያ ይይዛል፣ ይንኮሻኮሻል። ከአራት አምስት ምልልስ በኋላ ጸጥ ይላል። ያኔ ያ ቦታ አልቋል። ክሌዩን ገልብጠህ ብታየው ቡናማ ሆኗል፤ አጥፈህ በንጹሑ ገጽ ቀጥል። መሬት ከወደቀ ግን ጣለው። ሳስቼ አጥቤ ተጠቅሜበት አንድ ሙሉ በር ሞዥሬአለሁ።

ጥያቄ፦ እሺ ታጠበ፣ ጸዳ። አሁን ሰሙን እንዴት ነው የምቀባው? ደረጃ በደረጃ ንገረን።

መልስ፦ መጀመሪያ ጥላ ፈልግ። የእጅህን ጀርባ ኮፈኑ ላይ አሳርፍ፤ ከሞቀህ እስኪበርድ ጠብቅ። ፈሳሽ ሰም ከሆነ መቀቢያው ስፖንጅ ላይ የሳንቲም ያህል ጠብ አድርግ። ኮፈኑን በሐሳብህ ለሁለት ክፈልና ከግማሹ ጀምር። መስመር በመስመር ሂድ፣ ከዚያ መስመሩን አቋርጠህ ድገመው። አትጫን። ሰው የተነፈሰበት መስታወት የሚመስል ጉም ብቻ ነው መታየት ያለበት። ነጭ ሆኖ ወፍሮ ከታየህ በዝቷል። የበዛው ደግሞ ቀለሙ ላይ አይቀርልህም። ጠርገህ የምታነሳው ነው፤ ገንዘብህን ጨርቅ ላይ ጨረስከው ማለት ነው።

አንዳንዱ ሰም ወዲያው ይጠረጋል፣ አንዳንዱ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይፈልጋል። ዕቃው ላይ ተጽፏል። እኔ ግን ከሰዓቱ ይልቅ ጣቴን አምናለሁ። አመልካች ጣትህን ጉሙ ላይ አንዴ ሳብ አድርገው። የነካኸው ቦታ ጥርት ብሎ ቀለሙ ከወጣ ደርሷል። ከተቀባባ ገና ነው።

ለመጥረግ ማይክሮፋይበር የሚባለውን ክሩ የደቀቀ ለስላሳ ጨርቅ ሁለት ያዝ። አንዱ ሰሙን ያነሳል፣ ሁለተኛው ያጠራል። በአራት እጠፋቸውና አንዱ ገጽ ሲሞላ ገልብጥ። ሲያልቅ ጎንበስ ብለህ ከጎን እየው። ፊት ለፊት የማይታይ ቅባት ከጎን ይታያል።

ጥያቄ፦ ዘግይቼ መጣሁ። ፀሐይ ላይ ቀብቼው ደርቆ አልነሳ አለኝ!

መልስ፦ አይዞህ፣ ደርሶብኛል። አንድ ረፋድ ላይ ተጣድፌ መኪናዋን ከጣሪያ እስከ በር በአንዴ ቀባኋት። ስልክ ተደወለና ገባሁ። ስወጣ ጥላው ዞሯል፤ ሰሙ እንደ ኖራ ግድግዳ ደርቋል። እስኪመሽ ስፈትግ ዋልኩ፤ በማግስቱ ክንዴን ማንሳት አቃተኝ። መፍትሔውን ያወቅኩት በኋላ ነው፤ እዚያው ላይ ትንሽ አዲስ ሰም ቀባበት። ማሟሟያው የደረቀውን ያለሰልሰዋል። ሳይደርቅ ወዲያው ጥረገው፣ ትንሽ ትንሽ ቦታ እየያዝክ። በጥላ ውስጥ፣ እባክህ።

ጥያቄ፦ ጭረት ያጠፋል?

መልስ፦ ያደበዝዛል እንጂ አያጠፋም። ጥፍርሽን ጭረቱ ላይ አቋርጠሽ ሳቢው። ጥፍሩን ከያዘው ጥልቅ ነው፤ ሰምም ፖሊሽም አያድነውም። ካልያዘው በፖሊሽ ሊለቅ ይችላል።

ጥያቄ፦ ባምፐሩ ላይ ያለው ጥቁር ፕላስቲክ ነጭ ነጭ ሆነብኝ።

መልስ፦ ሰሙ ሻካራው ውስጥ ገብቶ ደርቋል። ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ በሞቀ የሳሙና ውሃ እየነከርክ እሸው፤ ይለቃል፣ ትዕግሥት ብቻ ነው የሚፈልገው። ለሚቀጥለው ግን የቀለም ቀቢዎችን የወረቀት ፕላስተር ፕላስቲኩ ላይ ለጥፍ። የፊት መስታወቱንም አትቀባው። መጥረጊያው ሰሙን ያድበሰብሰዋል፣ ማታ የሚመጣ መኪና መብራት ዓይንህ ላይ ይበተናል።

ጥያቄ፦ ሰሙን ስጠርግ ጨርቄ ቀይ ሆነ! መኪናዬ ቀይ ናት። ምን አደረግኋት?

መልስ፦ የቆየች መኪና ከሆነች ክሊር ላይኖራት ይችላል። የወጣው በፀሐይ የሞተው የላይኛው ቀለም ነው፤ ብዙም አትደንግጪ፣ ግን የምትቀቢው ማጽጃ ሰም አለመሆኑን እዪ። ክሊር ያላት መኪና ከሆነች ግን አቁሚ። እዚያ ቦታ ላይ ክሊሩ አልቋል ማለት ነው።

ጥያቄ፦ በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ባጥባትስ?

መልስ፦ እሱ ቅባት ሊያነሳ የተሠራ ነው። ሰምህንም ይዞት ይሄዳል። የመኪና ሻምፑ ያዝ።

ጥያቄ፦ ጎረቤቴ በናፍጣ ይወለውላል፤ ያበራል እኮ!

መልስ፦ ያበራል፣ ለአንድ ቀን። ከዚያ ቅባቱ አቧራ ይጠራል፤ አቧራውን ስትጠርግ ደግሞ ትጭራለህ። ጎማና ላስቲክም አይወደውም።

ጥያቄ፦ ግጭት ደርሶባት አንድ በር አዲስ ቀለም ተቀብቷል። መቼ ነው ሰም የምቀባው?

መልስ፦ አትቸኩል። አዲስ ቀለም ሲነካ ቢደርቅም ውስጡ ያለው ማሟሟያ ገና እየተነነ ነው፤ ሰም ብትደፍንበት ይታፈናል። እንደ ቀለሙ ከ30 እስከ 90 ቀን ይባላል፤ ቀለም ቀቢውን ጠይቀው። ከፋብሪካ የወጣች አዲስ መኪና ግን ቀለሟ በምድጃ የደረቀ ነው፤ መጠበቅ አያስፈልጋትም። የማያብረቀርቀውን ማት ቀለም ደግሞ በሰም አትንካው። ቦታ ቦታውን ያብለጨልጭና እንደተዥጎረጎረ ይቀራል።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ እኔ ትከሻዬን ያመኛል። ይሄን ሁሉ ማሸት አልችልም። ለእኔ ቢጤ መላ የለህም?

መልስ፦ አለኝ እንጂ እናቴ። የሚረጭ ሰም ይግዙ። መኪናዋ ከታጠበች በኋላ ረጭ ያደርጉና በጨርቅ ጠረግ ያደርጉታል፤ በቃ። ከጠንካራው ያነሰ ቢቆይ ነው፤ በየጥቂት ሳምንቱ ይደግሙታል። ጠንካራውን ካሉም በአንድ ቀን መጨረስ የለብዎትም። ዛሬ ኮፈኑን፣ ከሳምንት በኋላ ጣሪያውን። ፀሐዩና ወፉ የሚበረቱት እነዚህ ሁለቱ ላይ ነው፤ በሮቹ ይጠብቁዎታል። ጣሪያው ላይ ግን በርጩማ ላይ ቆመው እንዳይንጠራሩ፤ ያን ለልጅ ያዙ።

ጥያቄ፦ ሰሙ ማለቁን በምን አውቃለሁ?

መልስ፦ ውሃ አፍስስበት። ሰም ካለ ውሃው ድቡልቡል ጠብታ ሆኖ ይሮጣል። ካለቀ ተዘርግቶ ይተኛል።

ጥያቄ፦ ሰም ቀብቼ በማግስቱ ወፍ አራችበት። ልተወው? ሰም አለው አይደል?

መልስ፦ አትተወው። ሰሙ ጊዜ ይገዛልሃል እንጂ ዘላለም አይጠብቅልህም። ፀሐይ ላይ ከደረቀ ቀለሙን ይበላል። ደረቁን አትፈግፍገው፣ አሸዋ ይኖረዋል። እርጥብ ጨርቅ አልብሰው፣ አምስት ደቂቃ ተወው፣ ከዚያ ወደ ላይ አንሳው። እዚያች ቦታ ላይ ብቻ ትንሽ ሰም መልስባት። እኔ ለዚህ አንድ እርጥብ ጨርቅና ትንሽ የውሃ ጠርሙስ ከመኪናዬ አይጠፉም።